ይህ ቄስ ይቀናል

ፍኖተ ሰላም መሬት ላይ መጽሐፍ ዘርግተው የሚሸጡ ልጆች ዘንድ ከአሜሪካ የመጣ ትርጉም አይጠፋም። ገንዘብ እንዴት እንደሚያዝ፣ ሰው እንዴት እንደሚማረክ፣ አንዱ ሰላይ ከሌላው እንዴት እንዳመለጠ የሚያወራው ሁሉ ተደርድሯል። አልነቅፍም፤ ልጆቹ የሚያመጡት የሚሸጠውን ነው። የሚቆጨኝ አሜሪካኖቹ የተካኑበት አንድ ነገር እዚያ ተርታ ውስጥ አለመኖሩ ነው፤ «እኔ» ብሎ የሚያወራ፣ ስለ ራሱ ግን ከአንባቢው ያነሰ የሚያውቅ ተራኪ።

ነገሩ የቆየ ነው። የማርክ ትዌይኑ ሀክለቤሪ ፊን ከባርነት የሸሸውን ጂምን መርዳት ኃጢአት ነው ተብሎ ያደገ ልጅ ነው። አላጋልጠውም ብሎ ሲወስን ሲኦል እንደሚገባ አምኖ ነው። ልጁ ራሱን ይኮንናል፣ አንባቢው ያከብረዋል፤ ደራሲው መሀል ገብቶ ልጁ ደግ ነበር አይልም። የሳሊንጀሩ ሆልደን ኮልፊልድና የፊትዝጄራልዱ ኒክ ካራዌይም ቢሆኑ አፋቸውን ሰምቶ ዝም ብሎ የሚያምናቸው አንባቢ ግማሹን መጽሐፍ አላነበበም።

የእኛ ልማድ ሌላ ነው። «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ከታተመ ወዲህ ጥሩ ተራኪ ሲባል የሚታሰበን የሐዲስ ዓለማየሁ ነው። ታሪኩ የሚጀምርባት ማንኩሳ ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ ሲሄዱ መንገድ ላይ ናት። ለሰፈሬ አድልቼ ይሆናል እንጂ ከዚያ የሚጥመኝ አማርኛ አላውቅም። ተራኪው ግን ሁሉን አዋቂ ነው፤ ከፊታውራሪ መሸሻ ልብ ወጥቶ በዛብህ ልብ ውስጥ ሲገባ የሚከለክለው የለም፣ አይሳሳትም፣ አይዋሽም። ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ካነበበው በኋላማ ያንን ድምፅ መጠርጠር የማይታሰብ ሆነ። በዓሉ ግርማ በ1975 ዓ.ም. «ኦሮማይ»ን በጋዜጠኛው በጸጋዬ ኃይለ ማርያም አንደበት ሲተርክ መንገዱን ቀይሮ ነበር። ሰው የተከራከረው ግን በፖለቲካው ነው፤ ጋዜጠኛው የቱን አምኖ የቱን ለራሱ እያስመሰለ እንደሚነግረን የጠየቀ አስተማሪ እኔን አልገጠመኝም። ፈተናችን የታሪኩ ጭብጥ ምንድን ነው ይላል። የሚነግረን ማን ነው፣ ምን ፈልጎ ይነግረናል አይልም።

የማሪሊን ሮቢንሰንን «ጊልያድ» ላገኘሁት ሁሉ የማወራው ለዚህ ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 ወጥቶ በዓመቱ የፑሊትዘር ሽልማት አገኘ። ጆን ኤምስ የሚባል የ76 ዓመት ፓስተር፣ አይዋ ውስጥ በምትገኝ ትንሽ ከተማ፣ ልቡን ታሞ፣ ሰባት ዓመት ላልሞላው ልጁ ደብዳቤ ይጽፋል። ልጁ አድጎ እንዲያነበው ነው፤ እሱ ያኔ አይኖርማ። ጦርነት የለም፣ ግድያ የለም። ባልደረባዬ ሃያ ገጽ አንብቦ «ምንም አይፈጠርም እኮ» ብሎ መለሰልኝ።

አጎቴ ግን ብዙ ነገር ሰሙበት። ገበዝ ማርያም የሚኖሩ ቄስ ናቸው። በወሰንና በውርስ ጠብ ሽምግልና ተቀምጠው ያረጁ፣ እንግሊዝኛ የማያነቡ ሰው። አንድ የክረምት ማታ መጽሐፉን ከመጀመሪያው ጀምሬ ነገርኳቸው። የኤምስ ሚስት በወጣትነቷ በወሊድ ምክንያት ከነሕፃኗ እንደሞተችበት፣ በስተርጅናው ሌላ እንዳገባ ስነግራቸው አቋረጡኝ።

«ሁለተኛ አገባ? ታዲያ ቅስናው ፈረሰ!»

«የእነሱ አይፈርስም፣ አባ።»

«ይሁን፤ ቀጥይ።»

ቀጠልኩ። ኤምስ የልብ ወዳጁን ልጅ ክርስትና አንስቶታል፤ ስሙንም በእሱ ስም አውጥተውለታል። ጃክ ይባላል። ጃክ በወጣትነቱ ከአንዲት የድሃ ልጅ ወልዶ ጥሏት ሄደ፤ አሁን ከሃያ ዓመት በኋላ ተመልሶ መጣ። ፓስተሩ ይቅር ልለው ይገባል ብሎ ይጽፋል፤ ሁለት ገጽ አልፎ ስለ እሱ ላስጠነቅቅህ ይገባል ይላል፤ እንደገና ወደ ይቅርታው ይመለሳል።

«ሚስቱስ? ልጅ እግር ናት?»

«ከእሱ በብዙ ታንሳለች።»

«ያ የወዳጁ ልጅስ?»

«ከእሷ ጋር እኩያ ናቸው ማለት ይቻላል።»

«ይህ ቄስ ይቀናል» አሉ። «ሞቼ ሚስቴንና ልጄን ይወርሰኛል ብሎ ነው። ይቅር አልኩ፣ ይቅር አልኩ የሚል ሰው ገና አላለም።»

እኔ ይህ የታየኝ መጽሐፉ ተጋምሶ ነው። አጎቴ በጆሮ ብቻ ሰምተው አገኙት፤ ለእሳቸው ደግሞ ይህ የዕለት ሥራ ነው። ወሰን የገፋ ሰው ሽማግሌ ፊት ሲቀርብ ከአያቱ ዘመን ይጀምራል፣ የጎረቤቱን ደግነት ያወሳል፣ ማርያምን ይጠራል። ሽማግሌው አያቋርጠውም። የሚያዳምጠው ሰውየው የሚዘለውን ነው። ይህን የሚያውቅ ሕዝብ «ጊልያድ» ረቀቀብኝ ቢል አላምነውም።

መጨረሻው ደግሞ አለ። ጃክ ጥቁር ሚስትና ልጅ አለው፤ በዘመኑ ሕግና በሰው ክፋት አብረው መኖር አልቻሉም። ወደ ከተማዋ የተመለሰው እዚህ እንኖር ይሆን ብሎ ሊያይ ነው። የኤምስ አያት ባርነትን ሽጉጥ ታጥቆ የተዋጋ ሰባኪ ነበር። የልጅ ልጁ ግን ያን ሁሉ ገጽ ስለ ጃክ ሲጽፍ ምን ሆነህ መጣህ ብሎ አልጠየቀውም። ሮቢንሰን ይህን ፍርድ በራሷ ቃል ብትነግረን አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃት ነበር፤ እኛም ረስተነው እናድር ነበር። በኋላ በጻፈቻቸው በ«ሆም»፣ በ«ላይላ»ና በ«ጃክ» እነዚያኑ ሰዎች በሌላ በኩል ዞራ አሳየችን።

የሰው አገር ጣጣ ለእኛ ምናችን ነው ለሚለኝ ዲናው መንግስቱን እጠራለታለሁ። እ.ኤ.አ. በ1978 አዲስ አበባ ተወልዶ በሁለት ዓመቱ ወደ አሜሪካ ሄደ። እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣው የመጀመሪያ ልብ ወለዱ ተራኪ ሴፋ እስጢፋኖስ ዋሽንግተን ሎጋን ሰርክል ውስጥ ደሳሳ ሱቅ ያለው ኢትዮጵያዊ ነው። ከአንድ ኮንጎአዊና ከአንድ ኬንያዊ ወዳጆቹ ጋር የአፍሪካን መፈንቅለ መንግሥታት እየቆጠሩ ይጫወታሉ። ያስቃል። ሳቁ የሚሸፍነው ዘግይቶ ይመጣል፤ በቀይ ሽብር ወታደሮች ቤታቸው ሲገቡ የተገኘው በራሪ ወረቀት የሴፋ ነበር፣ አባቱ የእኔ ነው ብለው ተወሰዱ። ሰው ይህን ይዞ ለምን በጨዋታ እንደሚጀምር ለጎጃም ሰው ማስረዳት አያስፈልግም። ሁለተኛው መጽሐፉ ላይ ያለው ዮናስ ደግሞ አስተማሪ ነው፤ አባቱ በሱዳን በኩል እንዴት እንደተሰደደ ለተማሪዎቹ ሲነግር የማያውቀውን እየፈጠረ ይሞላዋል። እኔ ይህኛውን አስበልጣለሁ፤ ሙያችን አንድ ስለሆነ ይሆናል።

እንግዳ ተራኪ ደግሞ ለጎጃም አዲስ አይደለም። አቤ ጉበኛ በ1955 ዓ.ም. «አልወለድም»ን ሲያወጣ ማኅፀን ውስጥ ሆኖ ወደዚህ ዓለም አልመጣም ብሎ የሚሟገት ልጅ ድምፅ አሰማን። ኋላ እሱ ራሱ አይዋ ዩኒቨርሲቲ ወደሚገኘው ዓለም አቀፍ የደራስያን ፕሮግራም ሄዶ ነበር፤ ሮቢንሰን ከዓመታት በኋላ ድርሰት ያስተማረችውም በዚያው ዩኒቨርሲቲ ነው። አቤ የደፈረውን እኛ ለምን እንደተውነው አይገባኝም።

አንድ ጊዜ ለአሥራ አንደኛ ክፍሎች አንድ ሥራ ሰጠሁ። የሰፈራችሁን አንድ ጠብ ጻፉ፤ ተራኪው ጥፋተኛው ይሁን፣ ጥፋቱን ግን አይመን አልኳቸው። አብዛኞቹ መጨረሻ ላይ ንስሐ አስገቡት። አንዱ ልጅ ግን የወሰን ድንጋይ አንስቷል ተብሎ የተከሰሰ ገበሬ ጻፈ። ገበሬው ድንጋዩን በዓይኔም አላየሁት ብሎ ይምላል። ሦስተኛው ገጽ ላይ ደርሶ ወገቡን ያመዋል፣ ሚስቱ ቅቤ እንድታሽለት ይለምናታል፤ ምን አንስተህ ነው ስትለው ይቆጣታል። ደስ ብሎኝ ለልጁ ሙሉ ነጥብ ሰጠሁትና ሁለተኛውን ክፍል ከጎረቤቱ አንደበት እንዲጽፈው ጠየቅሁት።

«ከእሱማ እንዴት፣ ቲቸር?» አለኝ። «እሱ ውሸታም ነው።»