ጀበናውን ወዶ ሠሪዋን ጠልቶ!

ኮምቦልቻ ቡና ስንጠጣ አንዱ ወዳጄ ፈረንሳይን ያብጠለጥላል። አይሁዳዊውን ሻምበል ድሬይፉስን በ1894 እ.ኤ.አ. በሐሰት «ከሃዲ» ብላ ፈርዳበት፣ ነፃ ያለችው በ1906 ነው። «አይ ጭካኔ!» አለ። ጀበናው ከደሴ ገበያ ነው ብለው፣ «ሠሪዋ ቡዳ እንዳትሆን!» አይለኝም?

ለመሆኑ እኛ በምን እንሻላለን? ቤተ እስራኤልን ርስት ነፍገን፣ በቀጠቀጡት ማረሻ እያረስን፣ በሠሩት ድስት እየበላን፣ «ፈላሻ፣ ቡዳ፣ ሌሊት ጅብ ይሆናሉ» ስንል ኖርን። አጤ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለሙያ እንዳይሰደብ አዋጅ አስነገሩ፤ ማን ሰማ! በግንቦት 1983 ዓ.ም. ከ14 ሺህ በላይ የሚሆኑት በዘመቻ ሰሎሞን ሄዱ። ስድቡ ግን አብሯቸው አልተሳፈረም፤ እዚሁ ሸክላ ሠሪዋ ላይ ቀረ።

ጎበዝ! በፈረንሳይ ከመፍረዳችን በፊት የያዝነውን ስኒ እንይ።