ርቀትና ሰዓት

«ከአሥመራ እስከ አዲስ አበባ ስንት ነው?» ተብሎ የተጠየቀ ጸሐፊ ወዲያው በኪሎ ሜትር ይመልሳል። ጠያቂው ግን አብዛኛውን ጊዜ ሊያውቅ የፈለገው መቼ እንደሚደርስ ነው። አባቶቻችን «የሦስት ቀን መንገድ»፣ «የአሥር ቀን መንገድ» ይሉ ነበር፤ በእኔ አስተያየት ስለ ጉዞ የተሻለው አነጋገር የእነርሱ ነው።

በትርጉም ሥራ ላይ ያለ ሰው ይህን ቶሎ ይረዳል። የጣልያንኛ ሰነድ «ኢን ሊኔያ ዳርያ» ሲል በካርታ ላይ ቀጥ ብሎ የተሰመረውን ርቀት ማለቱ ነው። እኔም በጀማሪነቴ ይህችን ሐረግ ችላ ብዬ «መንገዱ ይህን ያህል ነው» ብዬ መተርጐሜን አልሸሽግም። ስሕተቱ ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን ከምጽዋ እስከ አሥመራ ያለው ርቀት በካርታ ላይ ቀጥታ ቢለካ 65 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፣ በ1904 ዓ.ም. አሥመራ የደረሰው የባቡር ሐዲድ ከ2300 ሜትር በላይ ያለውን ዳገት ለመውጣት እየተጠማዘዘ 118 ኪሎ ሜትር ያህል ይሄዳል። በፊተኛው ቍጥር ተማምኖ የጭነት ዋጋ የተዋዋለ ነጋዴ ትርፉን በዳገቱ ላይ ጥሎት ይመለሳል።

ወደ አዲስ አበባ ስንመለስ፣ ቀጥታው 700 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በዓዲግራት፣ በመቀሌ፣ በማይጨው፣ በወልድያና በደሴ የሚያልፈው የመኪና መንገድ ግን ከ1000 ኪሎ ሜትር ይበልጣል፤ አምባ አላጌንና ጣርማ በርንም መሻገር አለ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. የመጀመሪያውን መደበኛ በረራ ወደ ካይሮ ሲያደርግ በአሥመራ በኩል ነበር። ያን ጊዜ የበረረው ዳግላስ አይሮፕላን በሰዓት 300 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚሄድ፣ ለዚህ ጉዞ ሁለት ሰዓት ተኩል ግድም ይበቃው ነበር። ጄቱ ወደ አንድ ሰዓት ከሩብ ገደማ አወረደው። ፍጥነቱ ከእጥፍ በላይ ሲጨምር ሰዓቱ በዚያው ልክ ያልቀነሰው፣ መነሣቱና ማረፉ የራሳቸውን ደቂቃ ስለሚወስዱ ነው። ከዚህም ሌላ የሁለቱም ከተሞች አይሮፕላን ማረፊያ ከ2300 ሜትር ከፍታ በላይ ስለሆነ አየሩ ስስ ነው፤ በተለይም በቀትር ሙቀት አይሮፕላኑ የሚያነሣው ጭነት ይቀንሳል። ዕቃ ላኪ ይህን ቢያውቅ አይከፋም።

ይሁን እንጂ ሰዓቱን የሚወስነው ሞተሩ ብቻ አይደለም። በ1990 ዓ.ም. በተነሣው ጦርነት ምክንያት በሁለቱ ከተሞች መካከል በረራ ተቋርጦ፣ ሐምሌ 11 ቀን 2010 ዓ.ም. እስኪቀጥል ድረስ ሃያ ዓመት አለፈ። በዚያ ቀን በአይሮፕላን ማረፊያ የተላቀሱት ዘመዳሞች አንድ ሰዓት ከሩብ ለሚፈጅ መንገድ ሃያ ዓመት የጠበቁ ነበሩ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ ነሐሴ 28 ቀን 2016 ዓ.ም. እንደገና ቆመ። ቀጥታ በረራ በሌለ ጊዜ በካይሮ ዞሮ የሚሄድ መንገደኛ ለ700 ኪሎ ሜትር ከ4000 ኪሎ ሜትር በላይ ይበራል፤ የመሸጋገሪያው ጥበቃ ሲታከልበት አንድ ቀን ሊሞላ ይችላል።

ስለዚህ የጉዞ አበል የሚቈርጥ ወይም ለመልእክተኛ ቀነ ቀጠሮ የሚሰጥ ሹም በሠንጠረዡ ላይ ከኪሎ ሜትሩ አጠገብ መንገዱ በየት በኩል እንደሆነና ከደጅ እስከ ደጅ ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ ቢጽፍ፣ የበረራው ሁኔታ በተለወጠ ቍጥርም ሠንጠረዡን ቢያድስ እላለሁ። ሥራው ለአንድ ጸሐፊ የግማሽ ቀን ነው።