ልብ ልኮልሻል፤ ቃሉስ?

ዛሬ ይበልጡን የማወራው ላላገባሽው እኅቴ ነው። ወንድሞችም ገጹን አልፋችሁ እንዳትሄዱ፤ ወደ እናንተም እመጣለሁ።

በቅርቡ አንዲት የመዘምራን አገልጋይ ጌጃ ሰፈር ወደሚገኘው ቤታችን መጣች። ቡና እያፈላሁ ሳለ ስልኳን ከፍታ ሰጠችኝ። «እትዬ፣ ያንብቡትና ይፍረዱኝ። ይህን ሁሉ እኔ ነኝ የፈጠርሁት?» አለችኝ።

የስምንት ወር ጽሑፍ ነበር። ማለዳ ማለዳ «እንዴት አደርሽ የተባረክሽው?»፤ ማታ የመዝሙር ሊንክ፤ በቴሌግራም የጻፈችው ሁሉ ላይ ቀይ ልብ። በፌስቡክ ከሦስት ዓመት በፊት የለጠፈችውን ፎቶ ሳይቀር ፈልጎ ላይክ አድርጎታል። «ስለ እኔና ስለ አንቺ» የሚል አንድ ዐረፍተ ነገር ግን ፈልጌ አጣሁ። በዚህ መካከል ሌላ ወንድም ሽማግሌ ልኮ ሲያስጠይቃት «የማስበው ሰው አለ» ብላ መልሳዋለች። ባለፈው ወር ያ ልብ ላኪ ከሌላ እኅት ጋር የቀለበት ፎቶውን ለጠፈ። ስትጠይቀው «አንቺን እኮ እንደ እኅቴ ነው የማይሽ» አላት።

«ምልክቱን አልፈጠርሽውም፤ ቃሉን ግን አንቺ ጨምረሽበታል» አልኋት።

እኅቴ ሆይ፣ ምልክት በእኛም ጊዜ ነበረ። ፌስቡክ በ1996 ዓ.ም. ሲመሠረት እኔ ባለ ትዳር ነበርሁ። ከዚያ በፊት አንድ ወንድም ፍላጎቱን የሚያሳየው ካሴት በማዋስ፣ ከልምምድ በኋላም እስከ ሜክሲኮ ታክሲ ድረስ በመሸኘት ነበር። ያ ምልክት ዋጋ ያስከፍላል፤ ሰው ያየዋል፣ ዝናብ ይመታዋል፣ በአንድ ምሽትም አምስት ሴቶችን ለየብቻ መሸኘት አይችልም። ልብ መላክ ግን በአንድ ደቂቃ ለሃያ ሴት ይዳረሳል። ስቶሪሽን ቀድሞ ማየቱም ቢሆን ብዙ ጊዜ ስልኩ ራሱ ከፊት ስላቀረበለት ነው።

ታዲያ ምኑን እንመልከት?

አንደኛ፣ በብርሃን የሚያደርገውን እይ። ከምሽቱ 5 ሰዓት በኋላ የሚያቆላምጥሽ ሰው እሑድ በቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ፊቱን ካዞረ፣ ያ መልስ ነው።

ሁለተኛ፣ የጻፈውን አያጠፋምን? ቴሌግራም መልእክትን ከሁለቱም ወገን ማጥፋት ያስችላል። አሳቡ ቀና የሆነ ሰው ዘወትር ዱካውን የሚጠርግበት ምክንያት ምንድን ነው? ለሌላ ሰው የማታሳዪውን ፎቶ ከጠየቀሽ ደግሞ እዚያው ላይ ቁሚ። በፎቶ ማስፈራራት ከጀመረም አትደበቂ፤ በ2008 ዓ.ም. የወጣው የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ እንዲህ ያለውን ማስፈራራት ወንጀል አድርጎታል። ለምታምኚው ሰው ንገሪ፤ ወደ ሕግም ሂጂ።

ሦስተኛ፣ ጠይቂ። «ወንድሜ፣ በየቀኑ ትጽፍልኛለህ፤ አሳብህ ምንድን ነው?» ማለት ድፍረት አይደለም። ከስምንት ወር ግምት አንድ ጥያቄ ይሻላል። መልሱ «ጌታ ሲፈቅድ እናያለን» እየተባለ ከተንጠለጠለ ልብሽን ሰብስቢ።

ወንድሞች ሆይ፣ ቦዔዝን ተመልከቱ። ሩትን ሊያገባ ሲወድ ወደ ከተማው በር ወጥቶ አሥር ሽማግሌዎች ባሉበት ተናገረ። ርብቃም ብትሆን ቤተሰቦቿ ጠርተው ጠየቋት፤ እርሷም በአፏ መለሰች። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቤተሰብ ሕጋችንም ጋብቻ የሚጸናው በሁለቱ ነፃና ሙሉ ፈቃድ ነው ይላል። በቃል የሚቆመውን ነገር በቀይ ልብ አትጀምሩትና አትሰወሩ። «እኔ እኮ ምንም አላልኋትም» የሚለው ማምለጫችሁ በሕግ ፊት ያስኬዳችሁ ይሆናል፤ በእግዚአብሔር ፊት ግን የእኅታችሁ ስምንት ወር ይጠየቃል።

ያች እኅት ቡናዋን ጨርሳ ስትነሣ «የመለስሁት ወንድምስ፣ እትዬ?» አለችኝ። ለዚህ መልስ አልነበረኝም። እጇን ይዤ ጸለይን፤ ከዚያም እስከ ታክሲው ሸኘኋት።

እስከሚቀጥለው እትም በሰላም ቆዩ።