ፈረሳችንን የት እናሳድር?

ሮብ ገበያ ከጮቄ ተራራ ግርጌ ያለች የገበያ ከተማ ናት። ከደጋው ገብሱን፣ ድንቹንና እንግዶውን በፈረስ ጭነን ወደ እርሷ እንወርዳለን። ደብረ ማርቆስ ጉዳይ ያለውም ሰው እስከዚህ በፈረስ ይመጣና ከዚህ በመኪና ይሳፈራል። አንዱ ለፍርድ ቤት ቀጠሮ ይሄዳል። ሌላው በሽተኛ ይዞ ሐኪም ቤት ይሄዳል። ሰውየው ይሄዳል፤ ፈረሱ ግን ይቀራል። የት ይቀራል? በማን እጅ ይቀራል? የዛሬው ጽሑፌ በዚህ ላይ ነው።

በመጀመሪያ በራሴ የደረሰውን ልንገራችሁ። አንድ ክረምት ልጄ ታሞብኝ ደብረ ማርቆስ ሦስት ሌሊት አደርሁ። ፈረሴን ዋጋው ረከስ ያለ ግቢ ሰጥቼ ሄድሁ። ባለቤቱ «አይዞህ፣ እኔ አለሁልህ» አለኝ። ቸኩዬ ስለነበር ግቢውን ገብቼ አላየሁም። ስመለስ ፈረሴ ጭቃ ውስጥ ቆሟል። ገመዱ አጭር ነው። የታሰረበት ጠፍር እግሩን ልጦታል። አጠገቡ እግሩ የቆሰለ የጋሪ ፈረስ ታስሯል። ዝንቡ ከዚያኛው ቁስል ተነሥቶ በእኔው ፈረስ ቁስል ላይ ያርፋል።

ሳምንታት ካለፉ በኋላ በተላጠው እግሩ ላይ እብጠት ወጣ። እብጠቱ ፈረጠና መገለ። ከበላዩ ሌላ ወጣ፤ ከዚያም ሌላ። ወደ እንስሳት ሐኪም ስወስደው ጊዜው አልፎ ነበር። ፈረሴ በዚያው አለቀ። ጥቂት ብር አተረፍሁ ብዬ የቤቴን ጉልበት አጣሁ። በዚያ ዓመት ድንቹን በጀርባችን ተሸክመን አወረድነው።

ይህ በሽታ ከሻጋታ ወገን በሆነ በዓይን በማይታይ ነገር የሚመጣ ነው። በቁስል በኩል ይገባል። ዝንብ ያዛምተዋል። የታመመ ፈረስ ኮርቻና ገመድም ወደ ጤነኛው ያሻግሩታል። በአገራችን የጋሪ ፈረሶችን በብዛት የሚጎዳ ሲሆን ሥር ከሰደደ ማዳን አስቸጋሪ ነው። ስለዚህ ፈረስን ከቆሰለ ፈረስ አጠገብ አለማሰር ከመድኃኒት ይበልጣል።

አንዳንድ ሰዎች «ኧረ ፈረስ ነው፤ አንድ ሌሊት የትም ቢያድር ምን ይሆናል?» ይላሉ። እኔ በዚህ አልስማማም። ፈረስ እንደ በሬ አያመሰኳም። ሆዱ ትንሽ ስለሆነ ቀኑንም ሌሊቱንም ጥቂት በጥቂት መብላት አለበት። የበላውን ማስመለስ አይችልም። የሻገተ ድርቆሽ ወይም የሻገተ ጭድ ከበላ ቁርጠት ይይዘዋል፤ ቁርጠቱም ሊገድለው ይችላል። ውኃም ብዙ ይፈልጋል። በቀን ከ20 ሊትር ጀሪካን አንድ ሙሉ፣ ሥራና ሙቀት ሲበዛበት ሁለት ይጠጣል። ታዲያ ሦስት ቀን ያለ በቂ ውኃና ያለ በቂ መኖ የቆመ ፈረስ እንዴት ጤና ይሆናል?

እንግዲህ ፈረስ የሚያሳድር ግቢ ስንፈልግ አስቀድመን ገብተን እንይ። መሬቱ ደረቅ ነው ወይ? ፋንድያው ይጠረጋል ወይ? ጭቃና ሽንት ውስጥ የሚውል ፈረስ ሰኮናው ይበሰብሳል። ጣራ አለው ወይ? የጮቄ ብርድ ላብ ለያዘው ፈረስ አይሆንም። አጥሩ ጅብ ያስገባል ወይስ አያስገባም? ሌሊት ሰው ይጠብቃል ወይ? ድንጉላው ከባዝራ ተለይቶ ይታሰራል ወይ? ካልተለየ ርግጫና ንክሻ አይቀርም። በመጨረሻም እዚያ ያሉትን ፈረሶች እንመልከት። ከአፍንጫው መግል የሚወርድ፣ ከመንጋጋው ሥር ያበጠ ወይም እግሩ የሚመግል ፈረስ ካለ፣ በነፃ እናሳድርላችሁ ቢሉንም እንለፍ። የመንጋጋው እብጠት በአንድ ገንዳ በመጠጣት ጭምር ይተላለፋል።

ጥፋቱን ሁሉ ግን በግቢ ባለቤቶች ላይ አልጥልም። እኛም አለንበት። ድርቆሽ በገንዘብ ይገዛል። ውኃ በጉልበት ይቀዳል። ጥበቃ እንቅልፍ ያሳጣል። እኛ ግን በዋጋ እንከራከርና ረከስ ወዳለው እንሄዳለን። ጥሩ አድርጎ የሚይዘው ሰው ደንበኛ ሲያጣ ሥራውን ይተዋል። መጥፎው ግቢ ይበዛል። መጥፎ ግቢ ያበዛነው ርካሽ ፈላጊዎቹ እኛ ነን። ዘመድ ቤት የሚያሳድርም ቢሆን «ዘመዴ ነው» ብሎ ባዶ እጁን አይሂድ። አንድ ሸክም ድርቆሽ ይዞ ይሂድ።

ሌላው ነገር ጽሑፍ ነው። ፊደል የቆጠርነው ለእንዲህ ያለው ቀን ነው። አባቶቻችን «በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» ይላሉ። ፈረስ ስንሰጥ በአንዲት ቁራጭ ወረቀት እንዲህ ብለን እንጻፍ፦ «አንድ ዳማ ፈረስ፣ ግንባሩ ቦራ፣ ከነኮርቻውና ከነልጓሙ፣ ቁስል የሌለበት፣ ሦስት ሌሊት ሊያድር ተረክቤአለሁ።» ቀኑን፣ ዋጋውንና የሁለቱን ስም ጨምረን እንፈርም። በሁለት ወረቀት ይጻፍና አንዱን እኛ፣ አንዱን ተረካቢው ይያዝ። ይህ ሰውን አለማመን አይደለም። ኮርቻ ቢጠፋ፣ ፈረስ ቢለወጥ ወይም ቢቆስል ሁለቱንም ከጠብ ያድናል። ታማኝ ሰው ይህን ወረቀት አይጠላም።

ከዚህም አልፈን በየቀበሌያችን መክረን በገበያው አጠገብ አንድ የጋራ ጋጣ ብንሠራ መልካም ነው። እንጨቱ በእጃችን አለ፤ ጉልበቱም አለን። ጠባቂውን በደመወዝ እንቅጠር። የታመመ ፈረስ ለብቻው የሚቆምበት ቦታ ይኑረው።

ሌላው ዓለምም ለሠራ ፈረስ ማረፊያ ያስባል። እ.ኤ.አ. በ1934 ዶሮቲ ብሩክ የተባሉ እንግሊዛዊት፣ በጦርነት አገልግለው በካይሮ ጎዳና የተጎሳቆሉ ፈረሶችን አይተው የፈረስ ሐኪም ቤት ከፈቱ። በእኛም አገር ፈረስ ክብር ነበረው። ዐፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዐፄ ምኒልክ አባ ዳኘው የተባሉት በፈረስ ስማቸው ነው። ጎረቤቶቻችን የአዊ ፈረሰኞችም ጥር 23 ቀን ፈረሶቻቸውን አስጊጠው በዓል ያከብራሉ።

ፈረስ አፍ የለውም። ጠማኝ፣ በረደኝ፣ ታመምሁ ብሎ አይከስም። ስለ እርሱ የምንጠይቅለት እኛ ነን። እንግዲህ መኪና ከመሳፈራችን በፊት ግቢውን ገብተን እንይ፤ ውሉን እንጻፍ፤ ተገቢውን ዋጋ እንክፈል። ስንመለስ ፈረሳችን ቆሞ ይጠብቀናል።