የሌክሲንግተን ሰልፍ

በአሜሪካ አገር፣ ማሳቹሴትስ በተባለው ግዛት፣ ሌክሲንግተን የምትባል ከተማ አለች። በያመቱ በሚያዝያ ወር የአርበኞች በዓል ሲከበር፣ ገና ጎሕ ሲቀድ የከተማይቱ ሰዎች ጠመንጃ ይዘው ሜዳው ላይ ይሰለፋሉ፤ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ሚያዝያ 19 ቀን 1775 ዓ.ም. በዚያው ሜዳ የተደረገውን ውጊያ እንደገና ያሳያሉ። እያንዳንዱ ተሰላፊ የሚቆመው በዚያ ቀን ከነበሩት ሰዎች በአንዱ ስም ነው።

ይህን እንደ ልጆች ጨዋታ ቈጥሮ የሚያልፈው ሰው አይጠፋም። እኛ ግን ሁለት ቁም ነገር አይተንበታል።

አንደኛው፣ የሚያሳዩት ድል አለመሆኑ ነው። 700 ያህል የእንግሊዝ ወታደሮች በኮንኮርድ የተከማቸውን የጦር መሣሪያ ሊያጠፉ ሲገሠግሡ፣ ግንባር ቀደሞቹ በሻምበል ጆን ፓርከር የሚመሩ 80 የማይሞሉ ባላገሮችን በሜዳው አገኙ። ፓርከር ሰዎቹ እንዲበተኑ አዝዞ ሳለ ጥይት ጮኸ። መጀመሪያ የተኮሰው ማን እንደ ሆነ እስከ ዛሬ አልታወቀም። ከባላገሮቹ 8 ሞቱ፣ 10 ቈሰሉ፤ በዚያ ሜዳ ከእንግሊዞቹ የቈሰለው አንድ ወታደር ብቻ ነበር። የከተማይቱም ሰዎች ይህንኑ ሽንፈት ሳይሸፋፍኑ ያሳያሉ።

ሁለተኛው ይበልጥ ያሳስበናል። ከቈሰሉት አንዱ ፕሪንስ ኢስታብሩክ ነው፤ እርሱም ጥቁርና ባሪያ ነበር። ጎረቤቶቹ ስለ ነጻነታቸው ሲሰለፉ፣ እርሱ የራሱ ነጻነት ሳይኖረው ከነሱ ጋራ ቆመ። ነጻ የወጣው ከዚያ በኋላ በጦሩ ውስጥ አገልግሎ ነው። ለሞቱት ሰዎች ሐውልት የቆመው በ1799 ሲሆን፣ ለኢስታብሩክ መታሰቢያ ድንጋይ የተተከለለት ግን በ2008 ነው። ዛሬ በሰልፉ ውስጥ በርሱ ስም የሚቆም ሰው አለ።

በመጽሐፍ ላይ አንድ ስም ቢዘለል አንባቢው ልብ አይለውም። ጦርነትን በሰው አካል የሚያሳይ ሕዝብ ግን ማንን እንደሚያሰልፍና ማንን እንደሚያስቀር በግልጽ መወሰን አለበት። ስለዚህ መምህራኖቻችንን የምንለምነው፣ ጓደኞቻችንንም የምናሳስበው ይህን ነው፤ ስለ ማንኛውም የነጻነት ጦርነት ስንማር የአዛዡን ስምና ዘመኑን ሸምድደን ለፈተና ብቻ አናቅርበው። በሰልፉ ውስጥ እነማን ነበሩ? ድሉ ከተገኘ በኋላስ ለነሱ ምን ደረሳቸው? ብለን እንጠይቅ።