ከሰው በፊት ደንቡ

የማኅበራችን ምርጫ በተቃረበ ቁጥር ክርክሩ ሁሉ «ማን ይመረጥ?» የሚል ነው፤ «በምን ደንብ ይመረጥ?» ብሎ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። የዚህን ጥያቄ ክብደት የሚያሳይ አንድ ታሪክ እናስታውሳለን።

እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1968 በአሜሪካ፣ በኒው ሃምፕሻየር ግዛት በተደረገው የዴሞክራቶች የቅድሚያ ምርጫ፣ የቬትናምን ጦርነት የተቃወሙት ሴናተር ዩጂን ማካርቲ የፓርቲያቸውን ሰው ፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰንን ተፎካከሩ። ተማሪዎች ጢማቸውን ተላጭተው፣ ፀጉራቸውን ተከርክመው፣ በብርድ ከቤት ወደ ቤት እየዞሩ ሕዝቡን አነጋገሩ። ማካርቲ ከመቶ 42 አገኙ። ጆንሰን ከመቶ 49 አግኝተው ቢቀድሙም ከ19 ቀን በኋላ ዳግመኛ እንደማይወዳደሩ አስታወቁ።

ይሁን እንጂ በነሐሴ በተደረገው የቺካጎ ጉባኤ እጩ ሆነው የተሰየሙት፣ በአንድም የቅድሚያ ምርጫ ያልተወዳደሩት ሂዩበርት ሀምፍሪ ናቸው። አብዛኞቹ የጉባኤ መልእክተኞች የሚላኩት በመራጩ ድምፅ ሳይሆን በፓርቲው መሪዎች ፈቃድ ነበርና። የመራጩ ድምፅ ዋና ወሳኝ የሆነው ደንቡ ከተሻሻለ በኋላ፣ ከ1972 ምርጫ ጀምሮ ነው።

ተማሪዎቹ በር ማንኳኳታቸው መልካም ነበር፤ ነገር ግን ብቻውን አልበቃም። ሳይቃጠል በቅጠል ነውና፣ ቅስቀሳው ከመጀመሩ በፊት የማኅበራችን መተዳደሪያ ደንብ በጠቅላላ ጉባኤ አንቀጽ በአንቀጽ ይመርመር እንላለን።