በዓላችን በቲኬት አይሸጥም

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



ነሐሴ በገባ ቁጥር በሀገራችን ሁለት ዐዋጆች በአንድ ጊዜ ይሰማሉ። አንደኛው ከቤተ ክርስቲያን ዐውደ ምሕረት የሚነገረው የጾመ ፍልሰታ ዐዋጅ ነው። ከነሐሴ 1 እስከ 15 ሕፃናት ሳይቀሩ ይጾማሉ፤ ሌሊት ሰዓታት ይቆማል፤ ቀን ውዳሴ ማርያም ይተረጐማል፤ ከሰዓት በኋላ ቅዳሴ ይቀደሳል። ሁለተኛው በየግድግዳው የሚለጠፈውና በየስልካችን የሚደርሰን የድግስ ዐዋጅ ነው፤ ኮንሰርት፣ የቢራ ፌስቲቫል፣ የምግብ ባዛር፣ የዋዜማ ጭፈራ። አሳዛኙ ነገር ሁለተኛው ዐዋጅ ራሱን የሚጠራው በራሱ ስም አለመሆኑ ነው። «የቡሄ ኮንሰርት» ይላል፤ «የእንቁጣጣሽ ባዛር» ይላል። ስሙን ከቤተ ክርስቲያን ወስዶ ትርጉሙን በር ላይ ይተወዋል።

ከሁሉ አስቀድሞ አንድ ነገር ግልጽ ይሁን። ይህ ጽሑፍ መብላትን፣ መጠጣትንና መደሰትን አይቃወምም። የሚቃወመው በዓልን ከጾሙ፣ ከድኃውና ከምስጢሩ ለይቶ በቲኬት መሸጥን ነው። ከዚህም በላይ የሚቃወመው እኛ የበዓሉ ባለቤቶች የራሳችንን ነገር ከሌላ እጅ በገንዘብ ለመግዛት መሰለፋችንን ነው።

ቤተ ክርስቲያን የደስታ ጠላት ናት የሚል ሰው የቤተ ክርስቲያንን የቀን መቍጠሪያ አላነበበም። ጌታችን በዶኪማስ ቤት ውኃውን ወይን ጠጅ ያደረገበትን ቃና ዘገሊላን በየዓመቱ ጥር 12 ቀን በማኅሌትና በእልልታ እናከብራለን። ከበሮአችን፣ ጸናጽላችን፣ ሽብሸባችን፣ የማኅበር ጽዋችን፣ የበዓል ድፎአችን ሁሉ ይህች ቤት ደስታን እንደምታውቅ ይመሰክራሉ። ልዩነቱ ይህ ነው፤ በእኛ ሥርዓት ደስታ ጊዜ አለው፣ ምክንያት አለው፣ ተካፋይ አለው። ገበያው የሚያቀርበው ደስታ ግን ሦስቱንም አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው ዋጋውን ብቻ ነው።

ለምሳሌ ቡሄን እንመልከት። የቡሄ ቀን ነሐሴ 13 ነው። ይህ ቀን ከጾመ ፍልሰታ ውጭ አይደለም፤ በጾሙ ውስጥ ነው፤ ጾሙ ሊፈታ ገና ሁለት ቀን ይቀራል። በዚህ በዓል እናቶቻችን ለልጆች የሚሰጡት ሥጋና ቅቤ ሳይሆን ሙልሙል ዳቦ መሆኑ ከዚህ ጋር ይስማማል። አባቶቻችን ጾምና ደስታ በአንድ ቀን አብረው ሊውሉ እንደሚችሉ በዳቦ አስተማሩን። ችቦው የታቦርን ብርሃን፣ የጅራፉ ድምፅ በደመናው ውስጥ የተሰማውን ድምፅ እንደሚያስታውስ ከሕፃንነታችን ጀምሮ ሰምተናል። እንግዲህ በዚያች ሌሊት በደብረ ታቦር ስም መድረክ ተተክሎ፣ ጥሬ ሥጋ ተቆርጦ፣ ቢራ ተቀድቶ ሲጨፈር የሚከበረው ምንድን ነው? ከስሙ በቀር የቡሄ የሆነ ነገር የለበትም።

ወንጌሉንም እስከ መጨረሻው እናንብበው። የማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 17 የጌታችንን ብርሃነ መለኮት መገለጥ ይነግረናል። ጴጥሮስም በዚያ መኖር መልካም መስሎት ሦስት ዳስ ሊሠራ ፈቀደ። ምዕራፉ ግን በተራራው ላይ አያበቃም። ጌታ ደቀ መዛሙርቱን ይዞ ሲወርድ ከተራራው ሥር የታመመ ልጅና የሚለምን አባት ቆመው አገኛቸው። ደቀ መዛሙርቱ ልጁን መፈወስ ስለ ምን እንዳቃታቸው በጠየቁ ጊዜ፣ እንዲህ ያለው ርኩስ መንፈስ ከጾምና ከጸሎት በቀር እንደማይወጣ ነገራቸው። አስተውሉ! ስለ ጾም የተነገረው ይህ ትምህርት ከቡሄው ወንጌል ጋር በአንድ ምዕራፍ ተጽፏል። ብርሃኑን ያየ ሰው ወደ ታመመው ልጅ መውረድ አለበት፤ ሊረዳውም የሚችለው ጾሞና ጸልዮ ነው። ጾሙን ከቡሄ ላይ የሚቀንስ ሰው ወንጌሉን ከመካከሉ ይቈርጠዋል።

«ይህ እኮ ባህል ነው፤ ሃይማኖት አታድርጉት» የሚሉን አሉ። እኛም እንጠይቃቸው፤ የትኛው ባህል? ሆያ ሆዬ የሚሉ ልጆች ከደጅ ደጅ ሲዞሩ የሀብታሙንም የድኃውንም በር ይመታሉ፤ ያለው ይሰጣል፤ የሌለው ይመርቃል፤ ማንም በር ላይ ቆሞ መግቢያ አይጠይቅም። የቡሄ ባህል ይህ ነው። በአጥር የተከበበ ሜዳ፣ ለባለ ገንዘብ ከፊት ወንበር ለሌላው ከኋላ መቆሚያ የሚለይ ድግስ፣ ከእኩለ ሌሊት በኋላ በየመንገዱ የሚወድቅ ወጣት ከየትኛው አባት የተወረሰ ባህል ነው? ባህልን የሚከላከል ሰው አስቀድሞ ባህሉን ይወቅ።

«በልክ ከሆነ ምን ክፉ አለው? ጌታም ወይን ጠጅ ሰጥቷል» የሚሉም አሉ። በእርግጥ ሰጥቷል። የሰጠው ግን ወይን ላለቀበት የሰርግ ቤት፣ እመቤታችን ስለ እነርሱ ለምናው፣ ያለ ዋጋ ነው። በድግሱ ሜዳ ግን የሻጩ ትርፍ የሚገኘው ልክህን ባጣህ ጊዜ ነው። ሁለት ጠርሙስ ጠጥቶ በቃኝ የሚል እንግዳ ለሰርግ ቤት ክብሩ ነው፤ ለፌስቲቫል ግን ኪሳራው ነው። ደግሞም ጾም የመጠን ጥያቄ ብቻ አይደለም፤ የጊዜና የመታዘዝ ጥያቄ ነው። ፍትሐ ነገሥት በአንቀጽ 15 ስለ ጾም ሲደነግግ ምእመናንን ሁሉ በአንድነት ያሰልፋል እንጂ እያንዳንዱ በፈቀደው ቀን በፈቀደው መጠን ይጹም አላለም።

የሀገራችን ሕግ እንኳ በዚህ ነገር ከብዙዎቻችን ይልቅ ነቅቷል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ዕድሜው ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው የአልኮል መጠጥ እንዳይሸጥ ከልክሏል፤ በሬዲዮና በቴሌቪዥን የአልኮል ማስታወቂያ እንዳይነገርም አግዷል። ሕጉ ለምን ወጣ? መጠጥ በመጀመሪያ የሚያጠምደው ታዳጊውን ስለሆነ ነው። እስኪ በሰንበት ትምህርት ቤታችን ውስጥ ያለነውን እንቍጠር፤ ስንቶቻችን ከ21 ዓመት በታች ነን? የመንግሥት ሕግ የሚያዝንለትን ዕድሜ እኛ «ወጣትነት ነው፤ ያልፋል» ብለን ልናሰጥመው አይገባም።

አሁን ወደ ራሳችን ወደ ፓዌ እንመለስ። እንደ አዲስ አበባ ያለ የኤግዚቢሽን ማዕከል የለንም፤ ነገር ግን ልማዱ ወደ እኛ ለመድረስ አዳራሽ አያስፈልገውም። በስልክ ይገባል፤ ለክረምት ዕረፍት ከየዩኒቨርሲቲው በምንመለሰው ተማሪዎችም ጭምር ይገባል። በግቢ ጉባኤ የተማርነውን ትምህርት ይዘን መመለስ ሲገባን፣ አንዳንዶቻችን በየከተማው ያየነውን ጭፈራ ይዘን ለታናናሾቻችን እናስተዋውቃለን። ፓዌ ግን ይህን ነገር እንደ ዋዛ ልትቀበል የማትችልባቸው ሁለት ትዝታዎች አሏት።

የመጀመሪያው ትዝታ የረሃብ ትዝታ ነው። ከ1977 ዓ.ም. ድርቅ በኋላ ከወሎ፣ ከሰሜን ሸዋ፣ ከከምባታና ከሐዲያ፣ ከሌላም ቦታ ከ80 ሺህ በላይ ሰዎች የጉሙዝ ሕዝብ ወደሚኖርበት ወደ በለስ ሸለቆ መጥተው ሰፈሩ። መንደሮቻችን እስከ ዛሬ በቍጥር የሚጠሩት ከዚያ ዘመን ጀምሮ ነው። አያቶቻችን ወደዚህ ሞቃት ምድር የመጡት ለሽርሽር አይደለም፤ ብዙዎቹ የመጡት እህል አጥተው ነው፤ በመጡበትም ወባ ተቀበላቸው። በረሃብ ምክንያት የተቆረቆረች ከተማ ልጅ እንጀራን በጫማው ረግጦ የሚያልፍበት፣ መጠጥን መሬት ላይ የሚያፈስበት ድግስ ላይ ሲገኝ የአያቱን ታሪክ ረግጧል።

ሁለተኛው ትዝታ ቅርብ ነው፤ ቍስሉም አልደረቀም። በ2013 ዓ.ም. በመተከል ዞን በደረሰው ግድያና ጥቃት ከ100 ሺህ በላይ ሰዎች ከቤታቸው ተፈናቀሉ፤ ብዙዎቹም በቻግኒ በራንች መጠለያ በድንኳን ከረሙ። ከመካከላችን ዘመድ ያልሞተበት ወይም ያልተሰደደበት ቤት ጥቂት ነው። ነቢዩ አሞጽ በምዕራፍ 6 የገሠጸው እንደዚህ ባለው ጊዜ የሚሆነውን ነው፤ በዝሆን ጥርስ አልጋ ላይ ተኝተው በገና እየደረደሩ ወይን በጽዋ የሚጠጡትን፣ በወገናቸው መከራ ግን የማያዝኑትን ወቀሰ። ወቀሳውን ልብ በሉ፤ ክፋታቸው በገናው ብቻ አልነበረም። የወንድማቸው ጩኸት በበገናው ድምፅ መዋጡ ነበር።

አዲሱ ዓመትም የሚነግረን ይህንኑ ነው። መስከረም 1 ቀንን ሕዝባችን «ቅዱስ ዮሐንስ» ብሎ ይጠራዋል። በማግሥቱ መስከረም 2 ቀን ደግሞ ቤተ ክርስቲያን የመጥምቁን የዮሐንስን አንገት መቈረጥ ታስባለች። ያ ጻድቅ የተገደለው በጦር ሜዳ አልነበረም፤ በልደት ግብዣ ላይ፣ በዘፈንና በመሐላ መካከል ነበር። ማቴዎስ በምዕራፍ 14 ይህን የሄሮድስን ግብዣ ከተረከ በኋላ ወዲያው ሌላ ማዕድ ያሳየናል፤ በሣር ላይ የተቀመጠ የተራበ ሕዝብ፣ አምስት እንጀራና ሁለት ዓሣ፣ ሁሉም የጠገበበት፣ ቍርስራሹ እንኳ በመሶብ የተሰበሰበበት ማዕድ። በአንደኛው ግብዣ ታላላቆች ተጋብዘው ንጹሕ ሰው ሞተ፤ በሁለተኛው ድኆች ተቀምጠው ማንም ሳይራብ ተመለሰ። የዋዜማውን ቲኬት በእጃችን ስንይዝ የምንገባው ወደየትኛው ግብዣ እንደሆነ እንጠይቅ።

ነገር ግን ተግሣጹ ወደ ወጣቱ ብቻ ቢነገር ፍርዱ ይጐድላል። ከክርስትና፣ ከማኅበርና ከተዝካር ቤት ሰክሮ የሚወጣ አባት ልጁን «ኮንሰርት አትሂድ» ብሎ ለመገሠጽ አንደበት የለውም። በዝክር ስም የሚጠጣ ጠላ ከልኩ ካለፈ ስካሩ ስካር ነው፤ የቅዱሱ ስም አያነጻውም። ቅዱስ ጳውሎስ የቆሮንቶስን ምእመናን የወቀሰው በጣዖት ቤት ስላደረጉት አይደለም፤ በቤተ ክርስቲያን ተሰብስበው አንዱ ሲራብ ሌላው ይሰክር ስለነበረ ነው። እንዲሁም እኛ አገልጋዮች «ተው» ከማለት በቀር ለወጣቱ ያዘጋጀነው ነገር ከሌለ፣ ባዶ የተውነውን ቦታ ገበያው ቢሞላው ማንን እንወቅሳለን?

ስለዚህ ቦታውን እንሙላው። ነሐሴ 13 ምሽት ችቦአችን በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ይብራ፤ መዝሙሩ ይዘመር፤ የማቴዎስ ምዕራፍ 17 እስከ ጾሙ ትምህርት ድረስ ይነበብ። እያንዳንዱ መንደር ሙልሙሉን ይዞ ይምጣ፤ ዳቦው ከስንዴ ይሁን ከበቆሎ ልዩነት የለውም። ከተሰበሰበው ዳቦ ሕሙማን በተኙበት ሆስፒታልና ተፈናቅለው በተመለሱ ቤተሰቦች ደጅ የሚደርስ ድርሻ አስቀድሞ ይለይ። ነሐሴ 16 ቀን ጾሙ ሲፈታ ደግሞ አንድ ማዕድ እንዘርጋ፤ ጌታችን እንዳዘዘ መልሶ ሊጋብዘን የማይችለውን ሰው እንጥራበት። ጉሙዙ፣ ሺናሻው፣ አገዉና አማራው፣ ከምባታውና ሐዲያው በአንድ መሶብ ዙሪያ ቢቀመጡ፣ በመተከል ምድር ከዚህ የሚበልጥ ፌስቲቫል ከወዴት ይመጣል? ለኮንሰርት መግቢያና ለመጠጥ ልናወጣው ያሰብነውን ገንዘብ በአንድ ሣጥን ብናኖረው የማዕዱ ወጪ ከዚያው ይሸፈናል።

«ነጋዴው ይጐዳል» የሚል ካለ፣ ዱቄቱም፣ በጉም፣ ዘይቱም፣ ሽንኩርቱም የሚገዛው ከዚሁ ከፓዌ ገበያ ነው።

ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ ማንም በግድ አላስገባንም፤ ማንም በግድ አያስወጣንም። ኮንሰርቱን የሚሞላው የእኛ እግር ነው፤ ቤተ ክርስቲያኑንም የሚሞላው የእኛው እግር ነው። የፍልሰታ ቅዳሴ አብቅቶ ሕፃናት ቆርበው አፋቸውን በነጠላ ሸፍነው ሲወጡ፣ ታላላቆቻቸው በዚያው ሰዓት ወዴት እየሄዱ እንደሆነ ያያሉ። ከስብከታችን ይልቅ እርምጃችንን ይከተላሉ። እንግዲህ እርምጃችን ወዴት እንደሚመራቸው እንወስን።

የቅዱሳን አምላክ ጾሙን በበረከት አስፈጽሞ ለበዓሉ በሰላም ያድርሰን፤ እመቤታችን በምልጃዋ አትለየን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ ወለወላዲቱ ድንግል፤ ወለመስቀሉ ክቡር፤ አሜን።